ክቡር አፍንጫና ጥፋት የሌለባቸው ጥርሶች

በየቤተሰቡ አንድ አፍንጫ አለ። በየፊታችን ላይ ስለተተከለው አላወራም፤ እሱማ ለሁሉም ታድሏል። የማወራው ቤተሰቡን ስለሚያስተዳድረው አፍንጫ ነው። መስኮት የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሱ ትእዛዝ ነው። ሽቶ ያበዛ እንግዳ ከበር የሚመለሰው፣ ምንጣፍ የሚራገፈው፣ ድመት ከቤት የምትባረረው በእሱ ውሳኔ ነው። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ አፍንጫ የለም" የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ቤተሰብ የላችሁም፣ ወይ አፍንጫው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛ ቤተሰብ አፍንጫ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ዞር ሲሉ ግን ለረጅም አገልግሎታቸው የሚመጥን ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ክቡር አፍንጫ። እህቴ ማዕረጉን መጀመሪያ ስትሰማ ተቆጣች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ አሁን ስልክ ስትደውልልኝ እሷው ራሷ "ክቡርነታቸው ዛሬም አልተነሱም" ትለኛለች።

ሥራቸው መናገር ነው። በከተማው ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከቲኬት መስኮቶቹ በላይ፣ መስታወት የለበሰች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የማን ሻንጣ የት ተረስቶ እንደተገኘ ያስታውቃሉ። ድምፃቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነው። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ አውቶቡስ ያመለጠውን ሰው እንኳ ያመለጠው ለበጎ እንደሆነ የሚያሳምን ድምፅ ነው። እህቴን ያገባት ያ ድምፅ ነው። የቀረው ሰውነታቸው ተከትሎ የመጣ ነው።

ዛፎች እስኪያብቡ ድረስ እንደማንኛችንም ናቸው። አበባ ሲፈነዳ ግን ሌላው ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ክቡር አፍንጫ ኑዛዜያቸውን ያስተካክላሉ። መጀመሪያ ያስነጥሳቸዋል። የእሳቸው ማስነጠስ "ይማርዎ" ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ ቦታ ይቀይራል። ቀጥሎ ዓይናቸው ይቀላል፣ አፍንጫቸው ይደፈናል፣ አፋቸው ይከፈታል። ያ አፍ አንዴ ከተከፈተ አበባው ረግፎ እስኪያልቅ አይዘጋም። በእሱ ይተነፍሳሉ፣ በእሱ ያንኮራፋሉ፣ በእሱ ያማርራሉ።

ለዚህ ሁሉ መከራ ተጠያቂው ተገኝቷል። ከሕንፃቸው ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ አለች፤ ከመስኮቷ ሥር የተከለችው ዛፍ አድጎ አድጎ የእነ እህቴን ሰገነት ደርሷል። ክቡርነታቸው ዛፉ የተተከለው ሆን ተብሎ በእሳቸው ላይ ነው ብለው ያምናሉ። ዛፉ እዚያ የቆመው እሳቸው ቤቱን ከመከራየታቸው በፊት መሆኑን ብትነግሯቸው፣ "አስቀድሞ የታሰበበት ነው ማለት ነዋ!" ይላሉ።

አንድ ቀን ማለዳ ረጅም መጥረጊያ ይዘው ወረዱና ከዛፉ ሥር ቆመው ቅርንጫፎቹን መደብደብ ጀመሩ። ስሌታቸው ቀላል ነበር። የአበባው ብናኝ ሁሉ በጠዋት ረግፎ ካለቀ ቀኑን በሰላም ያሳልፋሉ። ብናኙ እንደታሰበው ረገፈ። ከሥሩ ማን ቆሞ እንደነበር ግን አልታሰበበትም። ሲቃ እስኪይዛቸው ሲያስነጥሱ አዋላጇ መስኮቷን ከፈተች።

"ምነው ልጄ፣ ዛፉ ምን በደለህ?"

"እትዬ፣ ይሄ ዛፍ ሊገድለኝ ነው!"

"እሱማ ዝም ብሎ ቆሟል። የምትደባደበው አንተ ነህ።"

ክቡርነታቸው ማስነጠሳቸውን ቀጠሉ። መልስ ለመስጠት በመሃል መተንፈስ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ሕክምናቸው እንምጣ። ክቡር አፍንጫ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም። "ሐኪም ስለ ሰው ሁሉ ተማረ፣ ስለ እኔ አልተማረ። ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ!" ይላሉ። ይቺን ንግግር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሏት እህቴ መቁጠር ካቆመች ቆይታለች። ከዚህ ዕውቀት በመነሳት ያወጧቸው ጥብቅ ሕጎች አሉ። አንደኛው ውኃን ይመለከታል። በእሳቸው ሳይንስ መሠረት፣ አፍንጫ የሚንጠባጠበው ሰውነት ውስጥ ውኃ ስለበዛ ነው። ስለዚህ ዛፉ ባበበ ቁጥር ውኃ መጠጣት ይቆማል። "ምንጩን ማድረቅ ነው!" ይላሉ። የሚደርቀው ግን አፍንጫቸው ሳይሆን አፋቸው ነው። ጠዋት ሲነሱ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ተለጥፎ፣ መናገር ከመጀመራቸው በፊት በጣት ማላቀቅ ነው የሚቀራቸው።

በዚህ ላይ የአለርጂ ክኒን አለ። ፋርማሲ ገብተው ማንንም ሳይጠይቁ የሚገዙት፣ አንድ ውሰድ ሲባል ሁለት የሚወስዱት ነው። ክኒኑ የተረፈችውን ምራቅ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳታል። እንግዲህ አፉ ደረቀ፤ ውኃ ተከልክሏል፤ ምን ይደረግ? የጉሮሮ ከረሜላ! ክቡርነታቸው ቆርቆሮ ሙሉ የናና ከረሜላ ከኪሳቸው አይለይም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። የኮታቸው ኪስ ውስጥ፣ የማይክራፎኑ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ የመነጽራቸው ቤት ውስጥ ሳይቀር አለ። አንድ ጊዜ እኔ ፊት እህቴ ልትናገራቸው ሞከረች።

"ስንት ዓመትህ ነው አንተ ሰውዬ? እንደ ሕፃን ከረሜላ!"

"መድኃኒት ነው እንጂ ከረሜላ አይደለም።"

"መድኃኒት ከሆነ ለምን ጣፈጠ?"

"ሰውነቴ ስለሚፈልገው ነዋ! ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ።"

እህቴ ወደ እኔ ዞረችና "ጉንጩ ሥር ሸጉጦት ነው የሚተኛው። ጠዋት ትራሱ ላይ ተለጥፎ አገኘዋለሁ፤ ከፀጉሩም ጋር" አለችኝ።

ውኃ የማያገኝ፣ ሌት ተቀን ለነፋስ የተከፈተ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ሁሉ የሚያስተናግድ፣ በላዩ ስኳር የሚዘራበት አፍ ምን እንደሚሸት እዚህ ላይ በዝርዝር አልጽፍም፤ ምሳ ያልበላ አንባቢ ይኖራል። ብቻ በአበባው ወቅት ክቡርነታቸው ምሥጢር ሊነግሩኝ ጠጋ ሲሉ "ጋሼ፣ በስልክ ይንገሩኝ" እላለሁ። እሳቸው ሽታውን ያውቁታል። ምንጩን ነው የማያውቁት። ባለፈው ዓመት የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገብተው፣ "ይሄ ማይክራፎን ሸቷል፤ የሠራተኛ ጤና ነው፤ ይቀየር!" ብለው አመለከቱ። የማይክራፎኑ ስፖንጅ ተቀየረ። ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም ሸተተ። ክቡርነታቸው ፋብሪካውን ነው የወቀሱት።

እስከዚህ ድረስ ስቄ ነበር። የማያስቀው የጥርሱ ጉዳይ ነው።

ከሁለት የአበባ ወቅት በፊት፣ አፍንጫቸው ድፍን ባለበት ሰሞን፣ በቀኝ በኩል የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ታመመ። ክቡር አፍንጫ በሽታውን ራሳቸው መረመሩ፣ ራሳቸው አወቁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ሄደው በጣታቸው አሳዩት። ነቃዩ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። ነቀለ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ዝናብ ዘንቦ አበባውን አጥቦ እስኪወስደው ድረስ ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ። ክቡርነታቸው "አያችሁ? የሥሩ ሕመም ነበር፤ ቀስ ብሎ ወጣ" አሉ። በዓመቱ ዛፉ ሲያብብ ከተነቀለችው አጠገብ ያለችው ጥርስ ታመመች። እሷም ተነቀለች። ግብር እንደሚከፍል ሰው በየዓመቱ አንድ ጥርስ ለዛፉ ማስገባት ልማድ ሆነ።

ሁለቱ ጥርሶች ሲሄዱ ያ ግሩም ድምፅ ማፏጨት አመጣ። መናኸሪያው ውስጥ ተጓዦች ቀና እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። ስለዚህ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠሩ፤ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ያሉት፣ በዚያ በኩል ከኋላ በቀረችው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ በሽቦ የሚያዝ። ፉጨቱ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ግን ነገሩን አልረሱትም። አንድ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን አስመጥተው ቢሯቸው ጥግ አስቀምጠዋል። "ንግግርዎ እንደገና ከተበላሸ፣ እያዘንኩ ማሽኑን እሰካለሁ፤ እርስዎም ዕቃ ክፍል ይገባሉ" ብለዋቸዋል። ክቡር አፍንጫ በማሽኑ አጠገብ ሲያልፉ ሰላም አይሉትም።

ዘንድሮ ዛፉ ማበብ በጀመረ ሰሞን እህቴ ጠራችኝ። ስደርስ ወጥ ቤት ቆማ፣ የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች።

"ጋሼህ ዛሬ ሦስተኛዋን ሊያስነቅል ነው" አለችኝ።

"የትኛዋን?"

"ሽቦው የተያዘባትን።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"እሷ ከሄደች ተነቃዩን የሚይዘው ነገር የለም" አለች። "ተነቃዩ ከሌለ ንግግሩ የለም። ንግግሩ ከሌለ ዕቃ ክፍል ነው። ዕቃ ክፍል ደግሞ ማንም የሚያናግረው ሰው የለም፤ ያልተናገረውን ሁሉ ይዞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።" ሳቀች፤ ግን ሳቋ አልቆየም። "የምሬን ነው። ይሄ ሰውዬ ከዚያ ማይክራፎን ከተነሳ ይሞትብኛል። እኔን እንደሆነ አይሰማኝም። አንተን ይፈራል፤ ጋዜጣ ላይ ይጽፍብኛል ብሎ።"

ክቡርነታቸውን ሳሎን አገኘኋቸው። ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ዛፉን በመስታወት ውስጥ ይገላምጡታል። ክርክር እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚፈሩትን ብቸኛ ነገር አነሳሁ፤ መርፌን።

"ጋሼ፣ ካስነቀሉ አይቀር እዚያ አዲሱ ክሊኒክ ይሂዱ። ሐኪሟ መርፌ ስትወጋ አይታወቅም ይባላል።"

"አይታወቅም?"

"ተወግተው የማያምኑ ሰዎች አሉ።"

ኮታቸውን አነሱ።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ክቡር አፍንጫ ሥራ ጀመሩ። ጉንጯ ያበጠ አንዲት ሴትዮ "ጉንፋን ነው" ተባለች። ድዱ የሚደማ አንድ ጎልማሳ "ውኃ አብዝተህ ነው" ተባለ። ሰውየው አፉን በመሐረብ ይዞ በመገረም አያቸው። ለሁለቱም ከቆርቆሮው ከረሜላ ታደላቸው። ተራችን ሲደርስ ሴትዮዋ "የት ክፍል ነው የሚሠሩት፣ ዶክተር?" ብላ ጠየቀቻቸው። አላረሟትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ንግግሯ ቀስ ያለ። "ይቀመጡ አባቴ፤ ምን ላግዝዎ?" አለቻቸው።

"ምንም አታግዢኝ፤ ይቺን ንቀይልኝ።"

"እሺ፤ መጀመሪያ ልያት። ሕመሙ መቼ መቼ ይብስብዎታል?"

"ሁልጊዜ! በተለይ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል። ደረጃ ስወርድ ደግሞ መንጋጋዬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚወርደው።"

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። በመሣሪያዋ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቀስ እያለች መታች። ቀዝቃዛ ነገር አስነካች። ፎቶ አነሳች። ከዚያ የአፋቸውን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ረጅም ጊዜ አየች። መጨረሻ ላይ ወንበሯን ወደ ፊታቸው አዞረች።

"አባቴ፣ ይቺ ጥርስ ደኅና ናት።"

"ምን?"

"ምንም አልሆነችም። ከላይኛው መንጋጋዎ በላይ፣ እዚህ ጉንጭዎ ሥር፣ ባዶ ቦታ አለ፤ ሳይነስ የሚባለው። የላይኞቹ ጥርሶች ሥር እዚያ ድረስ ይጠጋል። አለርጂው ሲነሳብዎ ቦታው ያብጥና ይደፈናል፣ ሥሮቹን ይጫናቸዋል። ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ሕመሙ የጥርስ ይመስላል፤ የመጣው ግን ከአፍንጫዎ በኩል ነው።"

ክቡር አፍንጫ በአፍንጫቸው ሲከሰሱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድድ ሥዕል ማጥናት ጀመርኩ፤ ፊታቸውን ካየሁ እንደምስቅ አውቄያለሁ።

"የሚያሳስበኝ ሌላ ነው" ቀጠለች ሐኪሟ። "ከታች በኩል ሁለት ጥርሶች ተቦርቡረዋል። ድድዎም አብጧል። ምራቅ ጥርስን የሚጠብቅ ነው፤ አፍዎ ግን ደረቅ ነው። በአፍ ነው የሚተነፍሱት አይደል? ክኒንም ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ።"

"ውኃስ?"

አንገታቸው ላይ የታሰረውን ናፕኪን ያስተካክሉ ጀመር። እኔ መለስኩላቸው። ቆርቆሮውንም ከኪሳቸው አውጥቼ አሳየኋት። ሐኪሟ ከረሜላውን አየች፤ እሳቸውን አየች። "ጠባቂው በሌለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ስኳር ያስገባሉ ማለት ነው" አለች። "እነዚህን ሁለቱን ዛሬውኑ ብንሞላቸው ይተርፋሉ።"

"መቼ አመሙኝ እነሱ?"

"ገና አላመሙዎትም።"

ክቡርነታቸው ከወንበሩ ተነሱ። ናፕኪኑ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። "ልጄ፣ የማያመኝን ልታክሚ፣ የሚያመኝን ልትተዪ? ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ!" ብለው ወጡ። ይቅርታ ጠይቄ ተከተልኳቸው።

ክቡርነታቸው ሲናደዱ ፈጣን ናቸው። ስደርስባቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነቃዩ ዘንድ ገብተው፣ መስኮቱ ሥር ያለችው አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነቃዩ እጁን ታጥቦ ጉጠቱን ከፈላ ውኃ ያወጣል። "ጋሼ፣ እንነጋገር" አልኩ። "ተነጋግረናል" አሉኝ። "እህቴ ምን ትላለች?" አልኩ። "እህትህ ጥርሴን አታውቀውም" አሉ። "ማይክራፎኑስ?" ስል ግን የተነቃዩን ሽቦ በምላሳቸው ዳበሱ። ከዚያ እጃቸውን አወናጨፉ። የእህቴን ሳህን አጠባ አሰብኩ። ያ ድምፅ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሻንጣ ሲቆጥር ታየኝ።

ነቃዩ ጉጠቱን ይዞ መጣ። ክቡርነታቸው መሐረብ ሊያወጡ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ቆርቆሮው አምልጦ ወደቀ፤ ከረሜላው ወለሉ ላይ ተበተነ። ላነሳላቸው ስል "ተው! መድኃኒቴን አትንካ!" ብለው ራሳቸው ከወንበሩ ጎንበስ አሉ። ወዲያው "ውይ! ውይ! ውይ!" እያሉ ቀና አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸውን ጨብጠው ይንቀጠቀጣሉ።

"የትኛዋ ናት? በጣትዎ ያሳዩኝ" አለ ነቃዩ፤ የዘወትር ጥያቄው ነው።

ክቡር አፍንጫ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አስገብተው ጥርሷ ላይ ጫኑ። "ይቺ! ይቺ ናት ያቃጠለችኝ!"

ነቃዩ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እንደገና አየ።

"ጋሼ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ይቺ እኮ ፕላስቲክ ናት።"

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ጣታቸውን አላነሱም፤ የያዟትን ጥርስ ቀስ ብለው ዳበሷት። ከዚያ ተነቃዩን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ነጫጭ የፕላስቲክ ጥርሶች ከነሽቦአቸው መዳፋቸው ላይ ተኙ። ሕመሙ ከእነሱ ጋር አልወጣም፤ ጉንጫቸው አሁንም ይመታል።

ለዓመታት የጠበቅኩት ሰዓት ነበር። የምናገረውን ቀልድ ሁሉ አስቀድሜ አሰናድቼ ነበር ማለት ይቻላል። ክቡርነታቸው ግን ያለ ጥርሳቸው፣ በዚያ በሚያፏጭ ድምፅ፣

"እንግዲያ እነዚያ ሁለቱስ?" አሉ።

ነቃዩ ጉጠቱን መጥረግ ጀመረ። "ያሳዩኝን ነው የነቀልኩት ጋሼ" አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር።

"ምንም አልነበሩም?" ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው የቀላው በአበባው ብቻ አልነበረም። የተሰናዳውን ቀልድ ሁሉ ውጬ፣ ከረሜላውን ከወለሉ ለቅሜ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ክቡርነታቸው አይተውኛል። አልተቃወሙም።

ወደ ሐኪሟ ተመለስን። አንድም ነገር አልጠየቀቻቸውም። "ይቀመጡ አባቴ" ብቻ አለች። መርፌው ሲገባ ግን ክሊኒኩ በሙሉ ሰማ። የእኔን ወሬ እንደ ማስረጃ ጠቅሰው በውሸታምነት ከሰሱኝ። ታችኞቹ ሁለት ጥርሶች ያን ዕለት ተሞሉ። ለአፍንጫቸው ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ተላኩ፤ ክኒኑ ተቀየረ፣ የሚረጭ መድኃኒት ታዘዘ፣ ውኃ ከግዞት ተመለሰ። የሽቦዋ ጥርስ እስከ ዛሬ አለች። ማሽኑም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጥግ ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ ተራውን ይጠብቃል።

አንባቢዬ "እንግዲህ ሰውየው ልብ ገዙ" ብሎ እንዳይደሰት። እንዲህ ያለ ሰው አይድንም፤ ስብከቱን ብቻ ይቀይራል። ክቡር አፍንጫ አሁን ያወቁትን ነገር ለሰው ልጅ ሁሉ ካላደረሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቤታቸው ስትገባ ከሰላምታ በፊት የውኃ ብርጭቆ ይቀርብልሃል፤ ሳትጨርስ አትቀመጥም። ሶፋ ላይ ሸለብ ካለኝ በሁለት ጣታቸው አገጬን ገፋ አድርገው "አፍህን ዝጋ፤ በአፍንጫህ!" ይሉኛል። አዋላጇን በደረጃ ላይ አስቁመው ስለ ምራቅ ጥቅም ሲያስረዷት ቆይተው፣ ሴትዮዋ በዕድሜዋ ሁሉ ሕፃናትን እንዴት እንደሚተነፍሱ ስታስተምር እንደኖረች በመጨረሻ ነው የነገረቻቸው። መናኸሪያውም አልተረፈም። "ወደ ሰሜን የምትጓዙ፣ ከበር አራት ትነሳላችሁ፤ አፋችሁ እንዳይደርቅ ውኃ ያዙ፤ ከረሜላ አይሆንም" ብለው ስላስታወቁ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ጠርተዋቸዋል። "ሰውነቴን እኔ አውቀዋለሁ ስል የሰማኝ አልነበረም" ይላሉ ደግሞ፤ የሰማናቸው እኛ ሁላችን እንዳልሆንን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እያላገጥኩ እንደሆነ ይታወቃል። ሥራዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ቢሮ ቁጭ ብዬ ይቺኑ ጽሑፍ ስጀምር፣ ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርስ ወጋኝ። ሰሞኑን አስነጥሶኝ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ስልኬን አነሳሁ። የሐኪሟ ቁጥር አለኝ። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ የታወቀ ክሊኒክ ያለው ወንድም አለው። እኔ ግን የደወልኩት ወደ መናኸሪያው፣ ወደዚያች የመስታወት ክፍል ነው። ለምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ፤ ይቺን ዕውቀት ያገኟት ሁለት ደኅና ጥርሶች ከፍለውባት ነው፣ ለእኔ ደግሞ በነፃ ሊሰጡኝ ይቸኩላሉ። እወዳቸዋለሁ። እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ ማስተባበል አልችልም።

"ጋሼ፣ ጥርሴን አመመኝ" አልኳቸው።

ያ ወፍራም ድምፅ ከስልኩ ውስጥ መጣ።

"ጎንበስ በል እስቲ።"

"አሁን? ቢሮ ነኝ እኮ።"

"ጎንበስ በል አልኩህ!"

በስልኩ ውስጥ የመናኸሪያው አዳራሽ ድምፃቸውን መልሶ ሲያስተጋባ ሰማሁ። ማይክራፎኑን አልዘጉትም ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ከቲኬት መስኮቱ ፊት ከተሰለፈው ሰው ግማሹ ጎንበስ ብሏል። እኔም የዝግጅት ክፍሉ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ጎንበስ አልኩ።

"ጨመረብህ?"

"ጨመረብኝ ጋሼ።"

"ማንም እንዳይነካት!" አሉ፤ በዚያ ሁሉ ተጓዥ ፊት። "መጣሁ!"

ጉንጬን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩና መንገዱን ማየት ጀመርኩ። እስኪመጡ ቸኮልኩ።